ያየነውን ለጓደኛ ከመተረክ አጭር ልብ ወለድ እስከ መጻፍ

በልጅነቴ በሰፈራችን ፊልም አይቶ የመጣ ልጅ በማግስቱ ክብሩ ልዩ ነበር። ለቪዲዮ ቤት መግቢያ የሚሆን ሳንቲም ያላገኘን ልጆች ከብበነው እንቀመጥና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲተርክልን እንለምነው ነበር። ከተራኪዎቹ መካከል ያየውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር በቅደም ተከተል የሚዘረዝር ልጅ ነበረ፤ እርሱ ታሪኩን ሳያጋምስ ብዙዎቻችን ተነሥተን ወደ ኳሳችን እንሄድ ነበር። ሌላው ደግሞ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ እያወቀ ደብቆ ይይዛል፤ ሽማግሌውን በሽማግሌ ድምፅ፣ ልጅቱን በልጅቱ ድምፅ እያናገረ ይተርካል፤ እናቱ ለእራት ስትጠራው እንኳ «ከዚያስ?» እያልን ልብሱን ይዘን እናስቀረው ነበር። ሁለቱ ልጆች ያዩት ፊልም አንድ ነበረ። እኔም ካደግሁ በኋላ ልብ ወለድ ለመጻፍ ስሞክር፣ ስለ ድርሰት ካነበብሁት ምክር ሁሉ ይበልጥ የረዳኝ በእነዚያ ሁለት ልጆች መካከል የነበረውን ልዩነት ለማወቅ ያደረግሁት ጥረት ነው።

ይህ መመሪያ ቴሌቪዥንና የአኒሜሽን ፊልም አብረው ለሚያዩ፣ ሼክስፒርን ላነበቡ ወይም ለማንበብ ለሚያስቡ፣ ከመካከላቸውም ቢያንስ አንዱ ለመጻፍ ለሚመኝ ጓደኛሞች የተዘጋጀ ነው። የተመሠረተውም ያዩትን ላላየ ሰው መተረክ የልብ ወለድ የመጀመሪያው ረቂቅ ነው በሚለው እምነት ላይ ነው፤ ምክንያቱም ወረቀት ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንጽፍ አንባቢያችን መቼ እንደ ሰለቸ የሚነግረን የለም፤ ጓደኛችን ግን ፊቱ ይናገራል።

ሰዉንና ፊልሙን መምረጥ

ከሦስት እስከ አምስት ሰው ይበቃል። ከዚያ ሲበልጥ ወሬው ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለት ብቻ ሲሆኑ ደግሞ አንዱ ተራኪ፣ ሌላው አድማጭ ሆኖ መዝጋቢ ይጠፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ደንብ ከመካከላችሁ አንዱ ፊልሙን ያላየ መሆን አለበት የሚለው ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ሰው በተራው ከማየት ይታቀባል፤ የዚያ ሳምንት አድማጭ እርሱ ነው። እኛ ይህን ደንብ ከማውጣታችን በፊት ሁላችንም አብረን አይተን አብረን እናወራ ነበር፤ ሁላችንም የምናውቀውን ነገር አንዳችን ለሌላችን ማስረዳት ስለማያስፈልገን ወሬያችን «በጣም ያምራል» ወይም «መጨረሻውን አልወደድሁትም» ከማለት አያልፍም ነበር።

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የአኒሜሽን ፊልም ምረጡ። ብዙ ሰው አኒሜሽንን የልጆች ብቻ አድርጎ ይመለከተዋል፤ ለጀማሪ ጸሐፊ ግን ከእርሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። በሰው ተዋናዮች በሚቀረጽ ፊልም ውስጥ ሳይታሰብ በካሜራው ፊት ያለፈ ውሻ ወይም የነፈሰ ነፋስ ሊቀር ይችላል። በአኒሜሽን ፊልም ግን ሰው አስቦ ያልሣለው ቅጠል እንኳ የለም። ሥራው አድካሚና ውድ ስለ ሆነም ሠሪዎቹ ማንቀሳቀስ ከመጀመራቸው በፊት ታሪኩን በስቶሪቦርድ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎች ግድግዳ ላይ ይደረድሩታል፤ ይህ አሠራር በዲዝኒ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የዳበረ ነው። የማይጠቅመው ሥዕል ተነቅሎ ይጣላል፤ ቦታው ያልሆነው ይዛወራል። ስለዚህ በአኒሜሽን ፊልም ስለሚታይ ስለማንኛውም ነገር «ይህ ለምን እዚህ ገባ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። ርዝመቱም ለአንድ ከሰዓት ይስማማል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ላየን ኪንግ 88 ደቂቃ፣ በቀጣዩ ዓመት የወጣው ቶይ ስቶሪ ደግሞ 81 ደቂቃ ነው።

ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማን ለኋላ አቆዩት። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ «ትናንት ያመለጠኝን ንገሪኝ» የማይባልበት ቤት ጥቂት ነው፤ ትረካው በየቤቱ አለ ማለት ነው። ነገር ግን ተከታታይ ድራማ የተሠራው እንዲረዝም ነው፤ ጀማሪ ጸሐፊ አስቀድሞ መማር ያለበት ማሳጠርን ነው። አጭር ልብ ወለድ መጻፍ ስትለምዱ፣ እያንዳንዱ ክፍል በምን ዓይነት ልብ ሰቀላ እንደሚቋረጥ ለማጥናት ወደ ድራማው ተመለሱ።

ትረካው እንዴት ይካሄዳል

ተራኪው አሥር ደቂቃ ይሰጠዋል፤ በስልክ ሰዓት ይያዝ፤ ድምፁም ይቀዳ። አድማጩ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይፈቀድለታል፤ «ከዚያስ?» እና «ለምን?»። ሌሎቹ ቢረሳም ቢሳሳትም ተራኪውን አያርሙትም። መዝጋቢው ወረቀቱን በመስመር ለሁለት ይከፍልና በአንዱ ወገን አድማጩ የጠየቀበትን ቦታ፣ በሌላው ወገን ዓይኑ የባዘነበትን፣ ስልኩን ያነሣበትን፣ ቡናውን ያማሰለበትን ቦታ ይጽፋል። ይህ ወረቀት ከማንኛውም ሒስ ይበልጣል፤ ሰው በአፉ «ጥሩ ነው» ሲል እጁ ግን ሌላ ይናገራልና።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። «ተረት ተረት» ስንል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ከሌለ ተረቱ አይጀመርም፤ አድማጩ ፈቃዱን ሰጥቶ ነው ተራኪው የሚቀጥለው። አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሳህሉ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት በድምፃቸው፣ በዓይናቸውና በእጃቸው ነበር። ፊልሙን ስትተርኩ የሥዕሉን ውበት በቃል ለማሳየት የምትደክሙበት ጊዜ ይኖራል፤ ያን ጊዜ እርሳቸውን አስቡና ወደ ሰዎቹ ተመለሱ፦ ማን ምን ፈለገ? ማን ከለከለው?

ትረካው እንዳለቀ የድምፅ ቅጂውን መልሳችሁ ስሙና አንድ ነገር ብቻ ፈልጉ። ተራኪው «ቆይ፣ ቆይ፣ አንድ ነገር ረስቼ» ያለበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉበት። እኔ በዚህ ሁሉ ልምምድ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም አላገኘሁም። «ረስቼ» የሚለው ቃል የሚመጣው ኋላ ላይ ለሚሆነው ነገር ምክንያት የሆነውን ቀድመን ባለመናገራችን ነው፤ በትምህርት ቤት «ንግር» ተብሎ የተማርነው የልብ ወለድ ስልት የሚያስፈልገውም እዚያ ላይ ነው። ላየን ኪንግን የተረከችልን ጓደኛችን፣ የአንበሶቹ ንጉሥ ልጅ ሲምባ ወደ አገሩ የሚመለስበት ቦታ ላይ ደርሳ «ቆይ፣ ረስቼ፤ አጎቱ እኮ አባትህን የገደልኸው አንተ ነህ ብሎታል» አለች። አድማጩ ልጁ ለምን እንደ ሸሸ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልገባውም ነበር። ፊልሙ ይህን በትክክል ቦታው ላይ አስቀምጦታል፤ እርሷ ግን ስላለፈችው ታሪኩ በሙሉ ላላ። አንድ ዓረፍተ ነገር ከቦታው ሲጎድል ምን እንደሚፈርስ በዓይናችን አየን።

በተቃራኒው ደግሞ ተራኪው ሳያነሣው ያለፈውን፣ አድማጩም ሳይጎድልበት የቀረውን ነገር ተመልከቱ። ፊልሙ ውስጥ ሙዚቃ ወይም ቀልድ ሆኖ ደስ ያሰኘ ሊሆን ይችላል፤ ለእናንተ አጭር ልብ ወለድ ግን አያስፈልግም።

ሐምሌትና ላየን ኪንግ ጎን ለጎን

ሼክስፒር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1564 እስከ 1616 የኖረው ይህ ጸሐፌ ተውኔት ከታላላቅ ሥራዎቹ ብዙዎቹን የሠራው ሌሎች አስቀድመው ከተረኩት ታሪክ ነው። የሐምሌት ታሪክ በዴንማርካዊው ሳክሶ ግራማቲከስ ጽሑፍ ውስጥ ነበረ፤ ማክቤዝ ከሆሊንሼድ ዜና መዋዕል የተወሰደ ነው፤ ሮሚዮና ጁልየት ደግሞ አርተር ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1562 ካሳተመው ረጅም ግጥም የመጣ ነው። እንግዲህ ያየውን መልሶ የሚተርክ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ አይመልከት።

ተውኔቱን በሙሉ በአንድ ቀን ለማንበብ አትሞክሩ፤ ሐምሌት ሳይቆረጥ ቢታይ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አንድ ትዕይንት ብቻ ምረጡ፤ ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፈሉና ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትን፣ ኦቴሎንና ማክቤዝን፣ ከበደ ሚካኤል ደግሞ ሮሚዮና ጁልየትን ወደ አማርኛ መልሰውልናል። በተለይ የጸጋዬን አማርኛ በልብ ማንበብ ብዙ ያስቀራል፤ ቃሉ የተመዘነው ለመድረክ ነውና በአፍ ሲነበብ ብቻ ነው ክብደቱ የሚሰማው።

ከሐምሌት የመጀመሪያውን ትዕይንት እንውሰድ። ሌሊት ነው፤ ብርድ ነው፤ አንድ ዘበኛ ሌላውን ሊተካ ይመጣል። «ማነው?» የሚለው ግን በጥበቃ ላይ ያለው ሳይሆን የመጣው ነው፤ ተረኛውም ተቆጥቶ መጠየቅ ያለበት እርሱ እንደ ሆነ ይመልስለታል። ደራሲው «ዘበኞቹ ፈርተው ነበር» የሚል ቃል አላስገባም፤ ጥያቄው ከተሳሳተ ሰው አፍ መውጣቱ ብቻ ፍርሃቱን ነገረን። ይህን ስታነቡ ቆም በሉና እያንዳንዳችሁ አንድ ገጸ ባሕርይ መፍራቱን፣ መቅናቱን ወይም መዋሸቱን ቃሉን ሳትጠሩ በሁለት መስመር ምልልስ ጻፉ። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ቀጥሎ ሁለቱን ታሪኮች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አድርጉና «ማን ምን ያውቃል? መቼስ አወቀ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሁለቱም ውስጥ ወንድም ንጉሡን ገድሎ ዙፋኑን ይይዛል፤ በሁለቱም የሞተው አባት ለልጁ ይገለጣል፤ የፊልሙ ሠሪዎችም ዝምድናውን አይክዱም። የዕውቀቱ አደላደል ግን ፈጽሞ ይለያያል። በፊልሙ አባትየው ሙፋሳ በሕይወት ሳለ እናየዋለን፣ እንወደዋለን፤ አጎትየው ስካር ከገደሉ ሲጥለውም በዓይናችን እናያለን። ልጁ ግን ገዳዩን አላየም፤ ጥፋቱ የእርሱ እንደ ሆነ አምኖ ይሸሻል። ስለዚህ እኛ ልጁ የማያውቀውን ይዘን «መቼ ይሆን የሚያውቀው?» እያልን እንጨነቃለን። በተውኔቱ ደግሞ መጋረጃው ሲከፈት ንጉሡ ሞቶ አልቋል። በተኛበት መርዝ በጆሮው ማፍሰሱን የሚናገረው መንፈስ ነው፤ መንፈሱ እውነተኛ ይሁን አሳሳች ሐምሌትም አያውቅም፣ እኛም አናውቅም። ልዑሉ ተውኔት በተውኔት ውስጥ አሠርቶ የአጎቱን ፊት የሚመረምረው ለዚህ ነው፤ ገዳዩ ብቻውን ሆኖ ሊጸልይ ሲሞክር በግልጽ ሲናዘዝ የምንሰማውም በሦስተኛው ገቢር ነው። በመጀመሪያው ታሪክ አንባቢ ከገጸ ባሕርዩ ቀድሞ ያውቃል፤ በሁለተኛው አብሮት ይጠራጠራል። የመጀመሪያው ሐዘኔታን፣ ሁለተኛው ጥርጣሬን ይወልዳል። ጽሑፋችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛውን እንደምትፈልጉ ወስኑ፤ ብዙ የጀማሪ ልብ ወለድ የሚበላሸው ይህ ሳይወሰን ሲቀር ነው።

የወደቀው መሐረብ

አሁን ወደ ኦቴሎ እንለፍ፤ የሦስተኛውን ገቢር ሦስተኛ ትዕይንት አንብቡ። ሼክስፒር ይህን ታሪክ ያገኘው ቺንትሲዮ የተባለ ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1565 ካሳተመው የታሪኮች ስብስብ ነው። በጣሊያንኛው ታሪክ ክፉው መኮንን ባሏ በቅናት እንዲነሣባት የሴትዮዋን መሐረብ የሚሰርቀው የእርሱን ሕፃን ልጅ አቅፋ ሳለ ነው። ይህ ተራ ስርቆት ነው። ሼክስፒር ግን ለወጠው፦ ኦቴሎ በጥርጣሬ ተወጥሮ ራሱን እንዳመመው ሲናገር፣ ሚስቱ ዴዝዴሞና በመሐረቧ ግንባሩን ልታስርለት ትሞክራለች፤ እርሱ መሐረቡ ያንሳል ብሎ ይገፋዋል፤ መሐረቡም ይወድቃል። አገልጋይዋ ኤሚሊያ ታነሣውና ለባሏ፣ ለክፉው መኮንን ለኢያጎ፣ ትሰጠዋለች። ሴትዮዋን የሚያስገድላት ዕቃ ከእጇ የወጣው ለባሏ ስትራራ ነው፤ የጣለውም ባሏ ራሱ ነው። ምንም ቃል ሳይጨመር አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ፍቅሩንም ጥፋቱንም ተሸከመች። እኔ ይህን ለውጥ ባወቅሁ ጊዜ የያዝሁትን ታሪክ ሁሉ እንደ ገና አየሁት፤ ዕቃ በታሪኬ ውስጥ ነበር፣ ነገር ግን ሁልጊዜ ሰው አውቆ ይሰርቀው ወይም አውቆ ይሰጠው ነበር።

ተመሳሳይ ትምህርት ከቶይ ስቶሪም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1993 የፊልሙ ሠሪዎች ፒክሳሮች ገና ያላለቀውን ሥራ ለዲዝኒ ኃላፊዎች ሲያሳዩ ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ አሻንጉሊቱ ዉዲ፣ ጨካኝና የሚያስጠላ ሆኖ ተገኘና ሥራው እንዲቆም ተደረገ። በዚያ ረቂቅ ዉዲ ተቀናቃኙን አሻንጉሊት ባዝን ሆን ብሎ በመስኮት ይወረውረው ነበር። ታሪኩ እንደ ገና ሲጻፍ ዉዲ ያሰበው ባዝን ከጠረጴዛው ኋላ እንዲወድቅ ማድረግ ብቻ ሆነ፤ ነገሩ ግን ከእጁ አመለጠና ባዝ በመስኮት ወጣ። የተደረገው ድርጊት ያው ነው፤ የተለወጠው ሐሳቡ ነው። በትንሽ ክፋት ጀምሮ ያላሰበው ትልቅ ጥፋት ላይ የደረሰ ሰው ለአንባቢ ቅርብ ነው፤ እንዲህ ያለ ስሕተት ሁላችንም ውስጥ አለና።

ከወሬ ወደ ወረቀት

የሰማነው ሁሉ ጽሑፍ እንዲሆን ሦስት ነገር መለወጥ ያስፈልጋል፤ መቼቱን፣ የዕውቀቱን አደላደልና ዕቃውን። በቡድናችን የሠራነውን አንዱን ምሳሌ ልግለጽ።

አጎት ወንድሙን ያጠፋበት፣ ልጁም ጥፋተኛው እርሱ እንደ ሆነ ያመነበት ታሪክ ይዘን ተነሣን። ዙፋኑን ትተን በአንዲት ትንሽ ከተማ ያለ ወፍጮ ቤት መረጥን፤ ከመካከላችን አንዱ ያደገው ወፍጮ ቤት አጠገብ ስለ ነበር ድምፁን፣ ሽታውንና የሠራተኛውን ልማድ ያውቀዋል። የምታውቁትን ቦታ ምረጡ የምለው ለዚህ ነው፤ የማታውቁት ቤተ መንግሥት ውስጥ ገጸ ባሕርያችሁ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ ይጠፋቸዋል። አባትየው ቺንጋውን ሊያስተካክል ጎንበስ ባለበት ሞተሩ ይነሣል። ልጁ ከትምህርት ቤት እንደ ደረሰ ማብሪያውን እንዲጠብቅ ተነግሮት ነበር፤ ለአፍታ ወጥቶ ሲመለስ አደጋው ደርሷል። አጎቱ «አንተ ነህ ሳታጠፋው የሄድኸው» ይለዋል። ልጁ ከተማውን ጥሎ አዳማ ይገባና የታክሲ ረዳት ይሆናል።

አንባቢው ማብሪያውን የነካው አጎትየው እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ይወቅ ወይስ ከልጁ ጋር ይቆይ በሚለው ላይ አንድ ሙሉ ከሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ ከልጁ ጋር እንዲቆይ ወሰንን፤ ነገር ግን አንዲት ንግር አስገባን። ልጁ በዚያ ዕለት በጥቁሩ ማብሪያ ላይ ነጭ የጣት አሻራ አይቷል። በወፍጮ ቤት ዱቄት ያልነካው ነገር ስለሌለ አላስደነቀውም፤ እኛም አንባቢውን በዚያ ላይ አላቆምነውም፤ በአንድ አጭር ሐረግ አለፍነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ረዳቱ በሥራ ላይ ሳለ አንዲት ሴት ዱቄት በነካው እጅ ብር ትሰጠዋለች። ነጩን አሻራ በብሩ ላይ ሲያይ ያን ዕለት የእርሱ እጅ ንጹሕ እንደ ነበረ፣ የያዘውም ደብተር ብቻ እንደ ነበረ ትዝ ይለዋል።

አጎትየውን በመጀመሪያው ረቂቅ ነፍሰ ገዳይ አድርገነው ነበር። የዉዲን ነገር ካነሣን በኋላ ለወጥነው፤ ወንድሙ ሥር መሆኑን ሳያይ፣ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ስለ ጮኹበት ብቻ ሞተሩን አስነሣው። ወንጀሉ ከዚያ በኋላ ዝም ማለቱና ዝምታውን በሕፃን ልጅ ጫንቃ ላይ መጫኑ ሆነ። ታሪኩ በዚህ ለውጥ ብቻ በእጥፍ ከበደ።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር ልጨምር። የብሩክ ግጥም ዘጠኝ ወር የፈጀውን የሮሚዮና የጁልየትን ታሪክ ሼክስፒር በአራት አምስት ቀን ውስጥ ጨረሰው፤ ሰዎቹ ቆም ብለው የሚያስቡበት ጊዜ ስለ ጠፋ ጥፋቱ የማይቀር መሰለ። እኛም የወፍጮ ቤቱን ታሪክ ከልጅነት እስከ ጎልማሳነት በቅደም ተከተል ከመጻፍ ይልቅ ረዳቱ ወደ ትውልድ ከተማው በሚመለስበት አንድ ቀን ውስጥ አደረግነውና ያለፈውን በምልሰት አመጣነው። የእናንተ ታሪክ ወራት የሚፈጅ ከሆነ ወደ አንድ ሳምንት፣ ሳምንት ከሆነ ወደ አንድ ሌሊት ለማጥበብ ሞክሩ።

ስትጽፉ የድምፅ ቅጂውን እንዳለ አትገልብጡት። ስናወራ «ከዚያ… ከዚያ…» እያልን እንሄዳለን፤ በጽሑፍ ይህ ይሰለቻል። ነገር ግን ከወሬው የሚወሰድ ትልቅ ሀብት አለ፤ እርሱም አጠራር ነው። አማርኛ «አንተ»፣ «አንቺ»ና «እርስዎ» እያለ የሰዎችን ርቀት በአንድ ቃል ይለካል። የሼክስፒር ዘመን እንግሊዝኛም እንዲሁ ሁለት ዓይነት አጠራር ነበረው። ሐምሌት ከእናቱ ጋር በተጋጨበት ትዕይንት እናቲቱ በቅርበት አጠራር አባትህን፣ ማለትም እንጀራ አባትህን፣ አስቀይመሃል ስትለው፣ እርሱ በራቀው አጠራር አባቴን ያስቀየሙት እርስዎ ነዎት ብሎ ይመልስላታል፤ እርሷም ወዲያው ወደ ራቀው አጠራር ትዞራለች። የዛሬው እንግሊዝኛ ይህን መሣሪያ አጥቶታል፤ እኛ ግን በየቀኑ እንጠቀምበታለን። በወፍጮ ቤቱ ታሪክ ልጁ አጎቱን ዕድሜውን ሁሉ «ጋሼ፣ እርስዎ» ሲል ኖሯል። በመጨረሻው ትዕይንት «ማብሪያው ላይ የነበረው እጅ ያንተ ነበር» ይላል። ቁጣውን የሚገልጽ ሌላ ቃል አላስፈለገንም።

ረቂቁን ለጓደኛ ማንበብ

ረቂቁ ሲያልቅ ጸሐፊው ራሱ ያንብበው፤ ሌሎቹ እንደ በፊቱ ይመዝግቡ። በዚህ ጊዜ ጓደኞች የሚናገሩት የት እንደ ጠፋባቸው፣ የት እንደ ሰለቻቸውና ማንን እንዳላመኑት ብቻ ይሁን፤ መድኃኒቱን አያዝዙ። በፒክሳር የዳይሬክተሮችና የደራሲዎች ጉባኤ አንዱ የሌላውን ሥራ በግልጽ ይተቻል፤ ነገር ግን ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን የለውም፤ መፍትሔውን የሚፈልገው ዳይሬክተሩ ነው። ይህ ደንብ ወዳጅነትንም ያድናል። እኔ በአንድ ወቅት የጓደኞቼን የመፍትሔ ሐሳብ ሁሉ በየተራ ወደ አንድ ታሪክ አስገባሁና መጨረሻ ላይ ታሪኩ የማን እንደ ሆነ ጠፋኝ፤ እስካሁንም አልጨረስሁትም።

ለማሳተም ካሰባችሁ የመብቱን ጉዳይ ልብ በሉ። የሼክስፒር ታሪኮች ለማንም ክፍት ናቸው። የጸጋዬ ትርጉም ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ጸጋዬ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ሆነ ከትርጉማቸው ረጅም ክፍል ያለ ፈቃድ መውሰድ አይቻልም። ሲምባም ሆነ ዉዲ ባለቤት አላቸው። አወቃቀሩን ተማሩ፤ ስሙንና መልኩን ተዉ።

ከዚያም ታሪኩን ጨርሶ ሰምቶ የማያውቅ አንድ ሰው፣ ቢቻል ከቡድኑ ውጭ የሆነ፣ ፈልጉና ወረቀቱን ቤት ትታችሁ በቃላችሁ አሥር ደቂቃ ተርኩለት። በትረካው መካከል «ቆይ፣ ረስቼ» ካላችሁ ያቺን ቦታ በማግስቱ ጠዋት አስተካክሏት። እናንተ ሳትጨርሱ እርሱ ስልኩን ካነሣ ከዚያ በፊት ያለውን አንቀጽ ቁረጡት። ወፍጮ ቤቱን ለአንዲት የጎረቤታችን ልጅ ስተርክላት፣ ሴትየዋ ብሩን ለረዳቱ የሰጠችበት ቦታ ላይ ስደርስ የያዘችውን ሲኒ ሳታስቀምጥ «እጁ ንጹሕ ነበር እኮ!» አለችኝ፤ አሻራውን በአንድ ሐረግ ብቻ አልፌው ነበር።